ስም ያልወጣለት ሽቦ

ሽጉጤ፦ ኮዳ ነበር አልኩህ። የወታደር ኮዳ፤ አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ።

ዓብዩ፦ ባለፈው የነገሩኝ ጀሪካን ነበር፣ ጋሼ። ቢጫ ጀሪካን።

ሽጉጤ፦ ጀሪካን ትርፍ ጎማ ውስጥ እንዴት ይገባል? እስቲ በአእምሮህ አስገባው። ጎማው ይህን ያህል፣ ጀሪካኑ ደግሞ ይህን ያህል።

[በሁለት እጁ ይለካል። ዓብዩም በሁለት እጁ ይለካል። ልካቸው አይገጥምም።]

ዓብዩ፦ እኔንም ያን ጊዜ ገርሞኝ ነበር። ትልቅ ሰው ሲናገር አይቋረጥም ብዬ ተውኩት።

ሽጉጤ፦ ታዲያ ዛሬ ማን ፈቀደልህ?

ዓብዩ፦ ዛሬ ማስክ አድርጌያለሁ። አፌ አይታይም።

ክርክሩ የተነሣበት ነገር በሽጉጤ የወጣትነት ዘመን የሆነ ነው። ገና ጢም ሳያበቅል ከዱራሜ ተነሥቶ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲጓዝ፣ ታንዛኒያ ጫካ ውስጥ ሽፍቶች እሱ የተሳፈረበትን መኪና አስቁመው መንገደኛውን ሁሉ እስከ ጫማው ድረስ ገፈፉት። ሾፌሩ ጨለማውን ተገን አድርጎ ጠፋ። ከእህሉም ከውሃውም የተረፈ ነገር ቢኖር፣ ሽጉጤ ለማንም ሳይናገር በትርፍ ጎማው ሆድ የሸጎጠው ውሃ ብቻ ነበር። ያንን በክዳን እየለካ ለሁሉም አቃመሰ፤ ሁሉም በእግራቸው ሰው ካለበት መንደር ደረሱ። ሽጉጤ ከዚያ ጫካ አንድ እምነት ይዞ ወጣ፤ ሰውን የሚያተርፈው ያልተናገረው ነገር ነው የሚል።

ጆሃንስበርግ ገብቶም በዚሁ እምነት ኖረ። ሎኬሽን ከሚሏቸው የጥቁሮች ሰፈሮች በአንዱ፣ በዲፕስሉት፣ ስፓዛ የሚሉትን ትንሽ ሱቅ ከፈተ፤ ሰው ልጅ በሚድርበት ዕድሜ ላይ ደግሞ የተበላሸ ፍሪጅ እየፈታ ኤሌክትሪክ ራሱን አስተማረ። ውሎ አድሮ በየሎኬሽኑ ያለው የአገሩ ሰው ሱቅ መብራት የሚገባለት በሽጉጤ እጅ ሆነ። ሽጉጤ የዘረጋውን መስመር ግን ሌላ ባለሙያ ሊፈታው አይችልም ነበር። ሽቦው ሁሉ አንድ ቀለም ነው፤ ምልክት የለውም፤ ዋናው ማጥፊያ ሌባ በማያገኘው ቦታ ተደብቋል። ለምን ምልክት አታደርግበትም ሲሉት፣ ሙያ በልብ ነው ይላል። ሌላ አማራጭ የሌላቸው ደንበኞቹም መብራቱ በጠፋ ቁጥር ለእሱ ይደውላሉ።

አሁን ሁለቱ የቆሙት ጀፕስታውን በተባለው የጆሃንስበርግ ሰፈር ውስጥ፣ ብርድ ልብስ በጅምላ ይሸጥበት በነበረ መጋዘን ነው። የኮሮና ወረርሽኝ ገበያውን ሲዘጋው ብርድ ልብሱ ወጣና አውሮፕላን ገባበት። አውሮፕላኗ የሩሀማ ናት። የሽጉጤ ልጅ ሩሀማ እዚሁ ጆበርግ ተወልዳ ያደገች፣ ከከተማ ወጣ ባለ ትንሽ የአውሮፕላን ሜዳ መካኒክ ሆና የምትሠራ፣ መብረርም የተማረች ልጅ ናት። ሁለት ሰው የምትይዘውን ይህችን አውሮፕላን ብረቷን በሣጥን አስመጥታ፣ ብሎን በብሎን ራሷ ገጥማታለች። ክንፎቿ ገና ስላልተሰኩ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። የኤሌክትሪኩን ሥራ ግን አባቷ እኔ ቆሜ የሌላ ሰው እጅ አይነካውም ብሎ ወሰደው። ሩሀማ በየሽቦው ጫፍ ስሙን እንዲጽፍበት ለምናው ነበር። አይሆንም አላላትም፤ ግን አልጻፈም። ለአውሮፕላን የሚሆነው ሽቦ በጥቅልል የመጣው ነጭ ብቻ ነበርና፣ ሽጉጤ ነጩን ከነጩ አያይዞ፣ በፕላስቲክ ማሰሪያ አስሮ፣ በልቡ መዝግቦ ዘጋው።

ከዚያ ሦስተኛው የወረርሽኝ ማዕበል መጣና ሽጉጤን አልጋ ላይ ጣለው። በኦክስጅን ተረፈ። ምእመናኑ መሰብሰብ ስለተከለከሉ በስልክ ጸለዩለት፤ ጌታም ሰማ። ዛሬ ከምሳ በኋላ ደግሞ አውሮፕላኗን የሚፈትሸው የመንግሥት ተቆጣጣሪ ይመጣል። ሕጉ አጭር ነው፤ እያንዳንዱ ሽቦ በሁለቱም ጫፉ ከየት መጥቶ የት እንደሚሄድ የሚናገር ጽሑፍ ሊኖረው ይገባል። ተቆጣጣሪው ከፈረመ አውሮፕላኗ ወደ ሜዳ ትወጣለች። መጀመሪያ የምታነሣትም ሩሀማ ናት፤ ብቻዋን።

ሽጉጤ ጠዋት የመሣሪያ ሰሌዳውን ፈትቶ ወደ ውስጥ ሲመለከት ግን ክፉ ነገር አገኘው። ነጭ ሽቦ፣ ነጭ ሽቦ፣ ነጭ ሽቦ። ከሕመሙ በፊት እያንዳንዱን እንደ ልጆቹ ያውቀው ነበር። አሁን አንዱም ስሙን አልነገረውም። በሽታው ሲወጣ ምን ይዞበት እንደሄደ ያን ጊዜ ገባው።

ይህን ለሰው መናገር አይታሰብም። ስለዚህ ዓብዩን ጠራውና ና ላስተምርህ አለው። ዓብዩ የአገሩ ልጅ ነው፤ በዲፕስሉቱ ሱቅ ከመስኮቱ ፍርግርግ በስተጀርባ ቆሞ ይሸጣል። ሽጉጤ ስለ እሱ ሲያወራ፣ ሁለት ጊዜ ካልነገርከው አይገባውም፤ ሁለት ጊዜ ከነገርከው ደግሞ ይጠራጠራል ይላል። እንዲህ ያለ ሰው ፊት መርሳት አያሳፍርም። ደግሞ ማን ያውቃል፣ ሽቦው ሲታሰር ዓብዩ ማሰሪያ ያቀብል ነበርና አንድ ሁለቱን አስታውሶ ሊሆን ይችላል።

ሽጉጤ፦ እንግዲህ እፈትንሃለሁ። ዕድሜ ልክህን ዳቦና የስልክ ካርድ ስትሸጥ ልትኖር ነው? ይህ ወፍራሙ ሽቦ የት ነው የሚሄደው?

ዓብዩ፦ [አጎንብሶ ያያል] ይሄማ የፍሪጁ ነው።

ሽጉጤ፦ የምን ፍሪጅ?

ዓብዩ፦ የለስላሳው። ሱቃችን ውስጥ ወፍራሙ የፍሪጅ ነው ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

ሽጉጤ፦ ሰማይ ላይ ለስላሳ ለማን ልትሸጥ ነው? ወፍራም የሆነው ብዙ ኃይል ስለሚሸከም ነው። የቆመ ሞተር ለማስነሣት ብዙ ኃይል ይፈልጋል። ስለዚህ ይህ ከባትሪው ይነሣል፣ በዋናው ማብሪያ ያልፋል፣ ከዚያ ሞተር ማስነሻው ላይ...

[ይቆማል። ሽቦውን በጣቱ ተከትሎ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ትክክል ነው።]

ነገሩ ከየት እንደመጣለት አላወቀም። ጠዋት ሙሉ ሲለምነው እንቢ ያለው ስም፣ ዓብዩን ሊገሥጽ አፉን ሲከፍት በራሱ ጊዜ ከአፉ ወጣ። ሽጉጤ ደስታውን በሳል ሸፈነው። ዓብዩ ከኪሱ የሱቅ ዋጋ የሚለጠፍበትን ወረቀት አውጥቶ አንዳች ነገር ይሞነጫጭር ነበር።

ሽጉጤ፦ ምን እያደረግህ ነው? እኔ ሳስተምር አንተ ዋጋ ትለጥፋለህ?

ዓብዩ፦ እጄ ሥራ ሲፈታ ይበላኛል፣ ጋሼ። እርስዎ ይቀጥሉ።

ሽጉጤ፦ ይሄኛውስ?

ዓብዩ፦ ይሄኛውን አውቀዋለሁ። የመሬቱ ሽቦ ነው። ግን አጥሯል።

ሽጉጤ፦ አጥሯል ማለት?

ዓብዩ፦ ሱቃችን ላይ ከግድግዳው አውርደው፣ ብረት ቸንክረው አፈር ውስጥ ቀብረውታል። ይሄ ክንድ እንኳ አይሞላም። እሷ ከፍ ስትል መሬት አይደርስም።

ሽጉጤ፦ ምን ያህል እንዲሆን ነበር የፈለግኸው?

ዓብዩ፦ ኬፕታውን ድረስ የምትሄድ ከሆነ ብዙ ጥቅልል ይፈጃል። ደግሞ መንገድ ላይ የሰው ቆርቆሮ ይነካል፤ ጠብ ያመጣል።

[ሽጉጤ የአውሮፕላኗን ጎን ተደግፎ ዓይኑን ይጨፍናል።]

ሽጉጤ፦ ስማኝ። ሰውነቷ ሁሉ ብረት ነው። እሷ መሬቷን ተሸክማ ነው የምትሄደው። የየዕቃው መመለሻ እዚህ ብሎን ላይ ይሰበሰባል፤ ከብሎኑ ወደ ባትሪው ይመለሳል። ይኸው፤ ይሄ የሬዲዮው መመለሻ ነው፣ ይሄ የማረፊያው መብራት፣ ይሄ ደግሞ የነዳጅ መለኪያው። መሬት የሚጎተት ሽቦ አይተህ ታውቃለህ?

ዓብዩ፦ ልጆች በክር የሚያበሩት ካይት ላይ አይቻለሁ።

ሽጉጤ፦ ጌታ ሆይ ትዕግሥት ስጠኝ።

ጌታ ግን ትዕግሥት ከመስጠት ይልቅ ትዝታ እየሰጠው ነበር። ዓብዩ በተሳሳተ ቁጥር የሽጉጤ ደም ይፈላል፤ ደሙ በፈላ ቁጥር አንድ ሽቦ ስሙን ይናገራል። ዓብዩ ቀይ ቁልፍ ያለበትን ሽቦ የጡሩምባ ነው ብሎ ተከራከረው። የሎኬሽን ታክሲ ያለ ጡሩምባ ከመናኸሪያ አይወጣም፣ ደመናውስ እንዴት መንገድ ይለቃል አለው። ሽጉጤ ተንጨርጭሮ ያ ቁልፍ ሬዲዮ ላይ የሚናገሩበት መሆኑን፣ ሽቦውም በየት በኩል እንደሚዞር እስከ መጨረሻው አስረዳው። አስረድቶ ሲጨርስ በልቡ ጌታን አመሰገነ። ሞኝ ጓደኛ ለካ መክፈቻ ነው አለ። ሰው ስንት ዓመት ከቁልፉ ጋር ኖሮ ቁልፍ መሆኑን አያውቅም።

ዓብዩ፦ ይሄ ደግሞ የጄኔሬተሩ ነው። ሰማይ ላይ ሎድሼዲንግ መጥቶ መብራት ሲቆረጥ የሚነሣው።

ሽጉጤ፦ ሎድሼዲንግ ሰማይ ላይ ምን ሊሠራ ይመጣል?

ዓብዩ፦ መሬት ላይስ ምን ሊሠራ ነው የሚመጣው? የጠራው ሰው የለም።

ሽጉጤ፦ አውሮፕላን ከመንግሥት መብራት አይቀዳም። ሞተሩ ሲዞር የራሱን ያመርታል፤ ያመረተው ባትሪውን ይሞላል። ይህ ሽቦ ያንን የሚያመጣው ነው። በትልቁ ፊውዝ በኩል አሳልፌ ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ዓብዩ፦ ታዲያ እዚህ ከምትቆም ሱቃችን ጓሮ ወስደን ለምን አናስነሣትም? ፍሪጁም አይቀልጥብን።

ሽጉጤ፦ አንተን ፊት ለፊት አስቀምጦ ክፉ ነገር የማይናገር ሰው፣ እሱ በእርግጥ ድኗል።

[ዓብዩ ወረቀት ይለጥፋል። ሽጉጤ አያየውም፤ ዓይኑ የሚቀጥለው ሽቦ ላይ ነው።]

አንድ ጊዜ ብቻ ዓብዩ ከሞኝነቱ ወጣ ያለ ነገር ተናገረ። በሽጉጤ ሻንጣ ውስጥ የሽቦ መፈተሻው አለ፣ ሁለቱን ጫፍ ሲነካ ድምፅ ይሰጣልና ለምን አያወጡትም ብሎ ጠየቀው። ሽጉጤ የገዛ ልጅህን በር ላይ አስቁመህ መታወቂያ ትጠይቃለህ ወይ አለው። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። መፈተሻ ማውጣት ረሳሁ ማለት ነው። ይህን ዓብዩ ያያል፤ ዓብዩ ከምእመናኑ ለአንዷ፣ ለወሬኛዋ ደስታነሽ ይነግራል፤ ደስታነሽ ደግሞ እሑድ ከስልክ ጸሎቱ በኋላ ለዲፕስሉት፣ ለዱርንፎንቴንና ለቀረው ዓለም ታዳርሳለች። ከዚያ በኋላ ማን ሽጉጤን ጠርቶ መብራት አስገባልኝ ይለዋል?

እንዲህ እየተባባሉ እየተሰዳደቡ ቀትር ሆነ። ነጩ ጥቅጥቅ ዱር አንድ በአንድ ስም እያገኘ መጣ። በመጨረሻ አንዲት ቀጭን ሽቦ ቀረች። ከፊውዝ ሣጥኑ ወጥታ፣ አንድ ስም የሌለው ማብሪያ ነክታ፣ በመቀመጫው ሥር ወደ ኋላ ትገባና ትሰወራለች።

ሽጉጤ፦ ይህቺስ?

ዓብዩ፦ የሌባ ማስደንገጫ።

ሽጉጤ፦ አይደለም።

ዓብዩ፦ ሰማይ ላይ ሌባ የለም ብለው አይቆጡኝም?

ሽጉጤ፦ ሰማይ ላይ ሌባ የለም። ሌላ በል።

ዓብዩ፦ የመቀመጫ ማሞቂያ። የጆበርግ ክረምት ይበርዳል።

ሽጉጤ፦ [ሽቦዋን እያየ] ሌላ።

ዓብዩ፦ እንግዲህ የስልክ ቻርጀር። ካልሆነም የሻይ ማፍያ።

ሽጉጤ፦ ከዚህ የባሰ የለህም? እስቲ የሰው ጆሮ ሰምቶት የማያውቅ አንድ ሞኝ ነገር ተናገር።

ዓብዩ፦ ጋሼ፣ ጨረስኩ። ያለኝን ሞኝነት ሁሉ ሰጥቼዎታለሁ።

[ከውጭ የጋሪ ገፊዎች ድምፅ ይሰማል።]

ሽጉጤ ሊቆጣ ሞከረ። ፊቱን አጨማደደ፣ ጥርሱን ነከሰ። ቁጣው አልመጣ አለ። ሽቦዋ ወደ ኋላ ነው የምትሄደው። ጅራቱ ላይ ደግሞ መብራት አለ። የጅራቱን መብራት ሽቦ እስካሁን ስሙን አልሰጡትምና ይህች ልትሆን ትችላለች። ባትሆንም ተቆጣጣሪው የሚያየው ጽሑፍ መኖሩን ነው። የሽጉጤ ስም ሳይጎድፍ፣ ልጁም ሳታዝን፣ ቀኑ በሰላም ያልፋል።

ሽጉጤ፦ የጅራቱ መብራት ናት። በቃ ተፈጸመ፤ ሰሌዳውን እንዝጋው።

ዓብዩ፦ ልጻፍ?

ሽጉጤ፦ ምን ትጽፋለህ?

[ዓብዩ በእጁ ይዞ የነበረውን ወረቀት ያሳየዋል። ከዚያ በኋላ ሽጉጤ ሰሌዳው ውስጥ ትክ ብሎ ያያል። በየሽቦው ጫፍ ትንንሽ የዋጋ ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረቀቱ ላይ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል የየሽቦው ስም ተጽፏል።]

ሽጉጤ፦ ይህን መቼ አደረግኸው?

ዓብዩ፦ እርስዎ ሲሰድቡኝ። እርስዎ ይሰድባሉ፣ እኔ እለጥፋለሁ። ይቺ ናት የቀረችው። የጅራት መብራት ልበላት? ሩሀማ ይህን አንብባ ነው የምትነሣው።

ሽጉጤ ብዕሩ ወረቀቱን ሲነካ አየ። ልጁ በዚያች ጠባብ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ከሥሯ ምንም ሳይኖር፣ ይህን ማብሪያ ስታነብ ታየችው። የምታነበው የአባቷን ቃል ነው። ታምነዋለች። አባቷ ያልነገራት ነገር እንጂ የዋሻት ነገር የለም፤ እስከ ዛሬ።

ሽጉጤ፦ ቆይ። አትጻፍ።

ዓብዩ፦ ታዲያ ምንድን ናት?

ሽጉጤ፦ አላውቅም።

[ዓብዩ ብዕሩን ያነሣል። ሽጉጤ የመሣሪያ ሣጥን ላይ ይቀመጣል።]

ሽጉጤ፦ ይህቺን ብቻ አይደለም። ጠዋት ስከፍተው አንዱንም አላውቀውም ነበር። ሕመሙ ጠርጎ ወስዶታል። ፈተና ያልኩህ ውሸቴን ነው። አንተን ስቆጣ ብቻ ነው ትዝ የሚለኝ።

ዓብዩ፦ አውቃለሁ።

ሽጉጤ፦ ምኑን ነው የምታውቀው?

ዓብዩ፦ ከአልጋ የተነሡ ሰሞን በስሕተት ሻይዎ ላይ ጨው ጨመርኩ። ጠጡና፣ ዓብዩ ስኳር ታበዛለህ አሉኝ። ልብ ገዛሁ። ከዚያ ሱቅ ገብተው ራስዎ የደበቁትን ማጥፊያ ሲፈልጉ አየሁዎ። ግድግዳውን እንደ ሌባ ይዳብሳሉ። እኔ ደንግጬ እንቁላል ጣልኩ። ተነሥተው ሲጮኹብኝ እጅዎ ራሱ ሄዶ ማጥፊያውን ነካው። እንግዲህ ጋሼ የሚያስታውሱት በቁጣ ነው ብዬ ያዝኩ።

ሽጉጤ፦ ታዲያ ፍሪጁን፣ ጡሩምባውን...

ዓብዩ፦ ተቆጣጣሪው ዛሬ እንደሚመጣ ስሰማ፣ እርስዎም እንደሚጠሩኝ ጠርጥሬ ሌሊቱን ሙሉ ሞኝ ነገር ሳስብ ነው ያደርኩት። ቀላል ሥራ መስሎዎታል? ለፍሪጁ ቶሎ ተቆጡልኝ። ሬዲዮው ላይ ግን ጡሩምባ እስካገኝ ድረስ ራሴን አመመኝ።

ሽጉጤ፦ ሎድሼዲንጉስ?

ዓብዩ፦ እሱ ከልቤ ነው። እሱ አሁንም አልገባኝም።

[ሽጉጤ ሊስቅ ይልና ሳል ያቋርጠዋል።]

ዓብዩ፦ እኔን ግን አንድ ነገር ገርሞኛል፣ ጋሼ። ፍሪጁ ይሁን፣ ጡሩምባውም ይሁን። ኬፕታውን ድረስ ሽቦ እየጎተተች ትብረር ያለ ሰው አለ ብለው እንዴት አመኑ? ስንት ዓመት አብረን ስንኖር እኔን እንዲህ ነው የሚያውቁኝ?

ሽጉጤ አዎን ብሎ ቢመልስ ነውር ነው፤ አይደለም ቢል ደግሞ ጠዋት ሙሉ ያመነው ነገር ራሱ ይመሰክርበታል። ዓብዩን ሲያስተምር የዋለ መስሎት ነበር። ለካ ሲጠና የዋለው እሱ ነው። ያችን ወረቀት ከዓብዩ እጅ ወስዶ አያትና መልሶ ሰጠው።

ሽጉጤ፦ ጻፍ። አይታወቅም ብለህ ጻፍ። ማብሪያዋም ላይ ለጥፍ። ፊደሉን አጉላው።

ከምሳ በኋላ ሩሀማና ተቆጣጣሪው መጡ። ተቆጣጣሪው ቁመቱ ረጅም፣ ቃሉ አጭር የሆነ አዛውንት ነበር፤ ማስኩን እስከ ዓይኑ ሥር ሳብ አድርጎ ጭንቅላቱን ሰሌዳው ውስጥ አስገባ። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አነበበ። የዋጋ ወረቀት መሆኑን ሲያይ ሁሉም ሽቦ በቅናሽ ነው ወይ ብሎ ቀለደ። ከዚያ ያችን ወረቀት አገኘ፤ ቀና ብሎም ሩሀማን ጠየቃት። ሩሀማ አባቷን ጠየቀችው። ሽጉጤ ቆሞ፣ ሽቦውን የዘረጋው እሱ መሆኑን፣ የረሳውም እሱ መሆኑን፣ ወረቀቱም እውነት መሆኑን ነገራት፤ ለተቆጣጣሪውም ሳታጎድል እንድትተረጉምለት አዘዛት። ተቆጣጣሪው ይህን መፈረም እንደማይችል ተናገረ። ከነገ ጀምሮ የወረርሽኙ ገደብ ስለሚጠብቅ፣ ሲላላ ተመልሶ እንደሚመጣ፣ መቼ እንደሚላላ ግን እንደማያውቅ ነገራቸው። ሄደ።

ሩሀማ ስንት ወር የጠበቀችው ቀን ነበር። አልተቆጣችም። ሻንጣውን ከፍታ መፈተሻውን አወጣች፤ ወንበሩን ፈትታ ከሥሩ ገባች። ሽጉጤ ከላይ ሽቦዋን ያዘላት። ብዙም ሳይቆይ ድምፁ ጮኸ። ስትወጣ ፀጉሯ አቧራ ለብሶ ነበር።

ሩሀማ፦ ዳዲ፣ ይሄ ረዳቱ የነዳጅ ፓምፕ ነው። ስነሣ ሞተሩ ነዳጅ እንዳያጣ የሚበራው። የጅራቱ መብራት ከክንፎቹ መብራት ሽቦ ላይ ነው የተቀጠለው።

ዓብዩ፦ የጅራት መብራት ቢባልስ ኖሮ?

ሩሀማ፦ ቀን ስበር የጅራት መብራት ምን ያደርግልኛል? አጠፋው ነበር።

[ሽጉጤ ሽቦዋን አሁንም አልለቀቃትም።]

ሩሀማ ወረቀቷን ልትነቅላት እጇን ዘረጋች፤ አሁን ስሟ ታውቋልና። ሽጉጤ ከለከላት፤ ስሟን ከጎኗ ጻፊ፣ ይህቺ ግን እኔ እንዳልረሳ ትቆይ አላት። ከዚያ ወደ ዓብዩ ዞሮ፣ በዲፕስሉት ያሉትን ሱቆች ሁሉ አዳርሶ፣ የደበቀውን ማጥፊያ ሁሉ ለባለቤቶቹ ሊያሳይ፣ በየሽቦው ላይም ስም ሊጽፍ እንደሆነ፣ ዓብዩም አብሮት እንዲመጣ ነገረው። ዓብዩ እንዲህ ከሆነማ ጋሼ ማን ይደውልልዎታል፣ ስምዎ አይቀርም ወይ ብሎ ጠየቀው። ሽጉጤ ልጁ ክንፉ ሥር ቁጭ ብላ እጇን ስትጠርግ ያይ ነበር።

ሽጉጤ፦ ስሜ ይቅር፣ ዓብዩ። ሙያ በልብ ነው እያልኩ ሸመገልኩ፤ ልብ ግን ይታመማል፣ ልብ ይሞታል። ለሰው አስፈላጊ ሆኖ ከመኖር የሚበልጥ የለም ይመስለኝ ነበር። ትልቁ ነገር ይህቺ ልጅ እኔ በሌለሁበት፣ ከሥሯ መሬት በሌለበት፣ እጇን ስትሰድ የያዘችውን ማወቋ ነው።